የተራራ አበቦች መዝገብ ያዥ፦ የዊልሄልም ሺምፐር የሕይወት ታሪክ



በየዓመቱ ለሚወጣው መጽሔታችን አባላት ጽሑፍ እንድናቀርብ በዕድሩ ዳኛና በጸሐፊያችን በተጠየቅነው መሠረት፣ እኔም እንደ አቅሜ ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ለመጻፍ ተነሣሁ። ሰውየው ካረፈ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጦር አልመራም፣ ዙፋን ላይ አልተቀመጠም። ሥራው አበባ መልቀም፣ ማድረቅ፣ ቁጥር ሰጥቶ መመዝገብ ነበር። ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ግን እስቲ ከገበያ ገዝተን ለሻይ የምናፈላውን ጦስኝ አስቡት። ይህ ጦስኝ በዓለም የዕፅዋት መጻሕፍት ሁሉ የሚጠራው በዚህ ሰው ስም ነው፤ ቲመስ ሺምፐሪ ይሉታል፣ የሺምፐር ጦስኝ ማለት ነው። ታዲያ ሺምፐር ማነው? ጦስኛችንስ እንዴት በእሱ ስም ሊጠራ ቻለ?

ዊልሄልም ሺምፐር ጀርመን አገር ተወልዶ፣ ከ40 ዓመት በላይ በአገራችን ኖሮ፣ ዓድዋ ከተማ ላይ ያረፈ ሰው ነው። አንባቢ እንዳይደናገር አስቀድሜ የምናገረው ነገር ቢኖር፣ እዚህ የማነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ነው።

ሺምፐር የተወለደው በ1804 ኑረንበርግ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ላውፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰቡ የተማረ ቢሆንም ሀብታም አልነበረም። ከእሱ አንድ ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ካርል ሺምፐር በትምህርቱ እጅግ የተመሰገነ ሆኖ የዕፅዋት ሊቅ ሲሆን፣ ዊልሄልም ግን በልጅነቱ እንጨት እየጠረበ ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ለሥራ ተሰጠ። ከዚያም ወታደር ሆነ። ትምህርት ቤት በወግ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ሙኒክ ከተማ ሄዶ ወንድሙና የወንድሙ ጓደኞች ካሉበት የተፈጥሮ ትምህርት መማር ጀመረ። እኔ በዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብዬ አስቤአለሁ። ከእንጨት ሙያ የተነሣ እጅ፣ የወታደር እግርና ዘግይቶ የመጣ ትምህርት ሲገናኙ ነው ይህ ሰው የወጣው። ሌሎቹ ሊቃውንት ተራራ መውጣት አይሆንላቸውም ነበር፤ እሱ ይሆንለታል።

በዚያን ዘመን ኤስሊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ሁለት ሰዎች አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሽቶይደልና ሆክሽቴተር ይባላሉ። ሽቶይደል ሐኪም ሲሆን ሆክሽቴተር የቤተ ክርስቲያን ሰውና አስተማሪ ነበር። የማኅበሩ አሠራር ለኛ ለዕድርተኞች እንግዳ አይደለም። አባላት መዋጮ ያዋጣሉ፤ በተዋጣው ገንዘብ አንድ ሰው ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ እሱ ዕፅዋት እየለቀመና እያደረቀ ይልካል፤ የመጣው ተከፋፍሎ ለየአባሉ በመዋጮው ልክ ይታደላል። ሺምፐር የዚህ ማኅበር መንገደኛ ሆነ። በ1831 እና በ1832 አልጀርስን አየ፤ ስለ ጉዞውም በ1834 መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው በ1834 ደግሞ ወደ ግብፅ ተላከ። አብሮት የወጣው ሐኪም ጓደኛው ካይሮ ላይ በወረርሽኝ ሞተበት። ሺምፐር ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ብቻውን ወደ ሲና ተራራ፣ ከዚያም በጂዳ በኩል ወደ ዓረብ ተራሮች ሄደ። በ1837 መጀመሪያ ላይ በምጽዋ በኩል አድርጎ ዓድዋ ገባ።

ትግሬን የዚያን ጊዜ ይገዙ የነበሩት የስሜኑ ባላባት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ደጃዝማች ውቤ የውጭ ሰዎችን ሁሉ በአንድ ዓይን አላዩም። በ1838 የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ከዓድዋ እንዲወጡ ሲደረግ ሺምፐር እንዲቀር ተፈቀደለት። ሣርና አበባ የሚለቅም ሰው ማንን ይጎዳል ብለው ይሆን? ያም ሆነ ይህ ፈቃዱን አገኘ። በመጀመሪያ ዓድዋ ዙሪያ ያሉትን ተራሮች፣ በተለይ የሶሎዳን ተራራ ወጥቶ ለቀመ። ሶሎዳ ማለት በ1896 በዓድዋ ጦርነት ጊዜ ስሙ የሚነሣው ያው ተራራ ነው። ቀጥሎ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ስሜን ተራሮች ወጣ።

እዚህ ላይ ስለ ስሜን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ቧሂትና ስልኪም ከ4,000 ሜትር ያልፋሉ። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ደግሞ ውኃ ይረጋል። ባለሙያዎች እንደሚሉት እዚያ በየቀኑ በጋ ነው፣ በየሌሊቱ ክረምት ነው። ገብሱ ካለቀበት፣ የአስታው ቁጥቋጦ ካነሰበት በላይ ጓሳ ሣርና ጅባራ ብቻ ይቀራሉ። በዚህ ቦታ የሚኖር ተክል ሁሉ የራሱ ብልሃት አለው። አንዱ መሬት ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ አንዱ ቅጠሉን ጸጉር ያለብሳል፤ ጅባራ ደግሞ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ለጋውን ልቡን ከውርጭ ይሸፍናል።

ሺምፐር ከ1838 ጀምሮ በነዚህ ተራሮች ላይ ለቀመ። ሥራው እንዲህ ነው። ተክሉ ከነሥሩ፣ ከነቅጠሉና ከነአበባው ይነቀላል፤ ቢቻል ፍሬውም ይጨመራል። በወረቀት መሐል ተዘርግቶ ከባድ ነገር ይጫንበታል። ወረቀቱ ርጥበት ይጠጣልና በየቀኑ መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ተክሉ ይሻግታል። የተለወጠው ወረቀት ደግሞ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ይደርቃል። አበባ የሚበዛው ክረምቱ ሲወጣ ነውና፣ ምንም ነገር አልደርቅ የሚለው የሚለቀመው በሚበዛበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ብል አለ፣ ምስጥ አለ፣ አይጥ አለ። ይህን ሁሉ አልፎ የተረፈው በበቅሎ ተጭኖ ቁልቁል ወደ ምጽዋ ይወርዳል፣ ከምጽዋ በመርከብ ይሻገራል። እንደ ጅባራ ያለው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ወረቀት ውስጥ አይገባም፤ ቅጠሉና የአበባው ቁራጭ ብቻ ተወስዶ የቀረው በጽሑፍ ይገለጻል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን አመዘጋገቡ ነው። እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ሥራ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ይገባኛል። ሺምፐር አንድን ተክል አንድ ብቻ አይለቅምም ነበር፤ ከአንድ ቦታ ከአንድ ዓይነት ብዙ ይለቅምና ለሁሉም አንድ ቁጥር ይሰጣል። በየወረቀቱ ላይ ቁጥሩ፣ የተለቀመበት ተራራ ስምና ጊዜው ተጽፎ ይለጠፋል። ይህ ማለት አንድ ደብዳቤ ተጽፎ ብዙ ግልባጭ እንደሚወጣለት ነው። አንዱ ፓሪስ ሄደ፣ አንዱ ለንደን፣ አንዱ በርሊን፣ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ። ቁጥሩ ግን በሁሉም ላይ አንድ ነው። የፓሪሱ ሰው ስለ አንድ ቁጥር ሲጽፍ የለንደኑ ሰው መሳቢያውን ከፍቶ ያንኑ ያያል። የዚህ አሠራር ጥቅም ኋላ ላይ ይታያል።

አሁን አዲስ ዝርያ ተገኘ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። የስሜን ሰው ጅባራን ሺምፐር አላሳየውም። እረኛው ያውቀዋል፣ አያቱም ያውቁታል። አዲስ የሚባለው በሊቃውንቱ መዝገብ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ይህን መዝገብ የጀመረው ካርል ሊኒየስ የተባለ የስዊድን ሰው ሲሆን፣ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ተክል በላቲን ሁለት ስም እንዲኖረው አደረገ። የመጀመሪያው የወገኑ ነው፣ ሁለተኛው የራሱ የዝርያው ነው። በኛ አባባል የመጀመሪያው እንደ ዘር ሐረግ፣ ሁለተኛው እንደ ግል ስም ነው። ስሙ የሚጸናው መልኩ ተዘርዝሮ በጽሑፍ ታትሞ ሲወጣ ነው። ለስሙ ምስክር የሚሆን አንድ የደረቀ ተክል ደግሞ ይቀመጣል፤ ወደፊት ክርክር ቢነሣ ዳኛው ያ የደረቀ ተክል ነው። ስም ያለ ምስክር ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ከሆነ ዘንድ፣ የስሜን አበቦች ስም የወጣላቸው የት ነው? አብዛኛዎቹ ጀርመንና ፈረንሳይ አገር፣ ስሜንን በዓይናቸው አይተው በማያውቁ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። ሆክሽቴተር ኤስሊንገን ተቀምጦ ከሺምፐር የመጣውን እየፈታ፣ አዲስ የመሰለውን ስም እያወጣለት በወረቀቱ ላይ እያሳተመ ለአባላቱ አደለ። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ስማቸው ብቻ እንጂ ዝርዝራቸው ገና አልታተመም ነበር። ዝርዝሩን የጻፈው አሺል ሪሻር የሚባል የፓሪስ ሊቅ ነው። ከ1847 እስከ 1851 ስለ አበሻ አገር ዕፅዋት ሁለት ጥራዝ መጽሐፍ በላቲን አወጣ። ዛሬም በብዙ የስሜን ተክሎች የላቲን ስም ኋላ የሆክሽቴተርና የሪሻር ስም አንድ ላይ ተያይዞ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ስሙን አወጣ፣ ሁለተኛው አሳተመ ማለት ነው።

የሪሻርን መጽሐፍ ስናነሣ ሁለት ወጣቶችን መርሳት አይገባም። ካርተን ዲዮንና ፐቲ የሚባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ለዚሁ ሥራ ወደ አገራችን መጥተው ነበር። ዲዮን በ1840 በቆላ ንዳድ ሞተ። ፐቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የለቀሙት ዕፅዋት ፓሪስ ደረሰ፤ እነሱ ግን አልተመለሱም። ሪሻር መጽሐፉን የሠራው በነሱና በሺምፐር ልቅም ላይ ነው። እንግዲህ ስንት ነፍስ እንደተከፈለበት ተመልከቱ።

የአንድ ተክል ስም እንዴት እንደሚዞር ለማሳየት የጅባራን ታሪክ ልንገራችሁ። ከሺምፐር በፊት፣ በ1831 እና በ1833 መካከል፣ ሪዩፔል የሚባል የፍራንክፈርት መንገደኛ ስሜንን አልፎ ነበርና ጅባራን ይዞ ሄደ። ፍሬዜንዩስ የተባለ የከተማው ሊቅ በ1838 ሪንኮፔታሉም ሞንታኑም የሚል ስም አወጣለት። የአበባው ቅጠል እንደ ወፍ አፍ የሾለ፣ የተራራ ተክል እንደ ማለት ነው። ለብቻው አዲስ ወገን መሆኑ ነው። በኋላ ሆክሽቴተር የሺምፐርን ልቅም ሲያይ፣ ይህ ለብቻው ወገን አይደለም፣ ቱፓ ከሚባለው ወገን ይግባ አለ። ሪሻርም እንደዚያው አሳተመው። በመጨረሻም ሄምስሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1877 ሎቤሊያ ወደሚባለው ሰፊ ወገን አዛወረው፤ ዛሬ ሎቤሊያ ሪንኮፔታሉም ይባላል። እነሆ በ40 ዓመት ውስጥ ሦስት ወገን ተቀያየረለት። ቢሮ ለቢሮ እንደሚዘዋወር ፋይል ማለት ነው። ተራራው ላይ ያለው ጅባራ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ያው ጅባራ ነበር።

የሌሎቹም ስም እንደየዕድላቸው ነው። ጤፍና እንሰት ስማቸው በላቲኑ ውስጥ ሳይጠፋ ገብቶላቸዋል። ኮሶ ግን በዓለም መዝገብ ሃጌንያ አቢሲኒካ ነው፤ ሃገን የሚባል አንድ የጀርመን መድኃኒት ቀማሚን ለማክበር የወጣ ስም ነው። ሺምፐር በዚህ በኩል የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል። በጽሑፉ ላይ የአገሬውን ስም፣ ተክሉ ለምን ለምን እንደሚጠቅም እየጠየቀ ጽፏል። ከ1864 እስከ 1868 ስለ ትግራይ ዕፅዋት በጀርመንኛ የጻፈው ማስታወሻና የዓድዋንና የአክሱምን አካባቢ የሳለበት ካርታ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ይገኛል።

በስሜን ከለቀማቸው መካከል ስሙን የያዘ አንድ አነስተኛ ተክል አለ፤ ዲያንቶሴሪስ ሺምፐሪ ይባላል። ግንድ የለውም፤ ቅጠሉ መሬት ላይ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ቢጫ አበባው ከመሐሉ ይፈካል። መንገደኛ ረግጦት ያልፋል። ያንን ጎንበስ ብሎ ከነሥሩ የነቀለና የተለየ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ትዕግሥቱ ቀላል አይደለም።

ከእነዚህ ተክሎች አንዳንዶቹ ለምን በሌላ አገር አይገኙም? መልሱ ከሺምፐር ወንድም ጋር ይያያዛል። ዊልሄልም ዓድዋ በገባበት በዚያው በ1837፣ ወንድሙ ካርል አውሮፓ ውስጥ ምድር በጥንት ጊዜ በበረዶ የተሸፈነችበት ዘመን ነበር በማለት የበረዶ ዘመን የሚለውን ቃል አወጣ። ቃሉ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። በኋላ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት የስሜን ከፍታዎችም በዚያ ዘመን በረዶ ነበረባቸው። ብርዱ ሲበረታ የደጋ ተክሎች ወደ ታች ወርደው ሰፊ ቦታ ያዙ፤ ምድር ስትሞቅ ደግሞ ወደ ላይ እየሸሹ በየተራራው ጫፍ ቀሩ። በተራራና በተራራ መካከል ሞቃት ቆላ ስላለ መገናኘት አልቻሉም። ባሕር እንደከበባት ደሴት ማለት ነው። በየጫፉ የቀሩትም በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ከዘመዶቻቸው እየተለዩ ሄዱ። እንግዲህ አንዱ ወንድም አውሮፓ ተቀምጦ ዘመኑን ሲሰይም፣ ሌላው ወንድም ያ ዘመን የተዋቸውን አበቦች ስሜን ላይ ይለቅም ነበር። ሁለቱም ያን ጊዜ የሥራቸውን ግንኙነት የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

ወደ ሕይወቱ እንመለስ። የኤስሊንገኑ ማኅበር በ1840ዎቹ ፈረሰ፤ የሚላክለት ገንዘብም ቀረ። ሺምፐር ግን አገሩ አልገባም። የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ፣ የአገር ልጅ አገባ፣ ልጆች ወለደ። ደጃዝማች ውቤም የእንትጮን አካባቢ እንዲያስተዳድር ሰጡት። የእንጨት ሠራተኛው ልጅ የአገር ሹም ሆነ። አበባ መልቀሙንም አልተወም። በ1850ዎቹ ደግሞ የፓሪስ የተፈጥሮ ሙዚየም እየከፈለው ይለቅምለት ነበር። ዛንደር የሚባል ሠዓሊ ጀርመናዊም በ1847 መጥቶ ከሱ ጋር ተገናኘ፤ ኋላም ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ሥራ ተካፈለ።

ሹመትና ጤዛ ረፋድ ላይ የለም እንደሚባለው ሆነ። በ1855 በየካቲት ወር ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ አጠገብ ድል አደረጓቸው፤ በዚያችው በደረስጌ ማርያምም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሺምፐር ጌታውንና ግዛቱን በአንድ ቀን አጣ ማለት ይቻላል። ዕድሜው ከ50 አልፏል። ቤተሰብ ይዞ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። እንደገናም ወረቀቱን ዘርግቶ መልቀም ቀጠለ፤ ወደ በርሊንና ወደ ሌሎች ከተሞች ላከ። በመጨረሻም ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓውያን ጋር በተጣሉበት ጊዜ እሱም ከሌሎቹ ጋር መቅደላ ተገኘ። በ1868 በሚያዝያ ወር መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዙ ጦር ካስለቀቃቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሰውየውን ማወቅ ይቻላል። በሩ ተከፍቷል፣ መርከብ ተዘጋጅቷል፣ የሚወስደው ጦር አለ። 34 ዓመት ያህል ያላያት የትውልድ አገሩ ልትቀበለው ትችላለች። እሱ ግን ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር አልወረደም፤ ዓድዋ ሲደርስ ቀረ። አሥር ዓመት ደግሞ እዚያው ኖረ። በ1878 በጥቅምት ወር በ74 ዓመቱ ዓድዋ ላይ አረፈ። አውሮፓ ውስጥ በትላልቅ ሙዚየሞች መሳቢያው ሁሉ በሱ ቁጥር ተሞልቶ ሳለ፣ እሱ ከሥራው ሀብት አላከማቸም። ሪሻርም ሆነ ሆክሽቴተር አልቀበሩትም፤ የዓድዋ ጎረቤቶቹ ናቸው የሸኙት። ጎረቤት ምን እንደሆነ ለዕድርተኛ መንገር አያስፈልግም።

አሁን ስለ ግልባጮቹ ቀደም ብዬ ያልኩትን ላስታውሳችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በመጋቢት 1943፣ የበርሊን የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጠለ። ለብዙ ዝርያዎች ዳኛ የነበሩ የደረቁ ተክሎች በአንድ ሌሊት አመድ ሆኑ። አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው ተክል ምስክሩ ጠፋ። የሺምፐር ቁጥሮች ግን በፓሪስ አሉ፣ በለንደን አሉ፣ በሌሎችም ከተሞች አሉ። ዋናው ቢቃጠል ግልባጩ መሰከረ። ይህን ሳነብ በመዝገብ ቤት ስንቱን ፋይል ግልባጭ አጥተን ስንፈልግ የኖርንበትን ዘመን አስታውሼ፣ ያ ሰው ከብዙ ፊርማ ካላቸው ሹማምንት ይበልጥብኛል አልኩ።

ደግሞም መዝገቡ እሱ ከሞተ በኋላ ሥራውን አላቆመም። ጦስኝን ቲመስ ሺምፐሪ ብሎ የሰየመው ሮኒገር የሚባል የቪየና ሰው ሲሆን ይህም የሆነው በ1924፣ ሺምፐር በሞተ በ46 ዓመቱ ነው። ይህ ጦስኝ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በተፈጥሮው የትም አይበቅልም። በ1957 ደግሞ ኦሎቭ ሄድበርግ የተባለ የስዊድን ሊቅ የምሥራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ አወጣ። በ1959 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአገራችን የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ ተቋቋመ። በ1980 የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ ተጀምሮ፣ የኛው ሊቃውንት ከስዊድንና ከሌሎች አገሮች ሰዎች ጋር ሆነው ጥራዞቹን ከ1989 እስከ 2009 አሳተሙ። ስድስት ሺህ ያህል ዕፅዋት ተመዝግበውበታል። ስሙ የሚወጣበት ጠረጴዛ ቀስ በቀስ ወደ አገሩ ተመለሰ ማለት ነው። ዛሬ አዲስ ዝርያ ሲገኝ የኢትዮጵያ ልጅ ራሱ ሰይሞ ያሳትማል።

የስሜን ተራሮችም በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ በ1978፣ ሺምፐር በሞተ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። በ1996 አደጋ ላይ ነው ተብሎ ተመዘገበ፣ በ2017 ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ሐሳቡ ግን አላለቀም። ምድር እየሞቀች ስትሄድ ቆላው ወደ ደጋ፣ ደጋው ወደ ውርጭ ይወጣል፤ ውርጩ ላይ ያለው ተክል ግን ከጫፍ በላይ መሄጃ የለውም። ስለ ጅባራ በ2016 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሰላው፣ ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ በ2080 ገደማ ለጅባራ የሚስማማው ቦታ ዛሬ ካለው ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። ጅባራ ብዙ ዓመት ቆሞ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ አብቦ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይሞታል። አንዱን ያለ ጊዜው የቆረጠ ሰው የብዙ ዓመት ጥበቃ ነው የሚያጠፋው።

የተከበራችሁ አባላት፣ ከዚህ ሁሉ እኔ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ሺምፐር ከለቀማቸው አበቦች ለአብዛኛዎቹ ስም ያወጣው እሱ አልነበረም፤ ሌሎች ናቸው። ክብሩንም ሌሎች ተካፈሉት። እሱ ያደረገው ቦታውን፣ ጊዜውን፣ ቁጥሩን በትክክል መጻፍና ግልባጩን ማብዛት ነው። ስሞቹ ከወገን ወደ ወገን ሲዞሩ፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ፣ ቤቶች ሲቃጠሉ፣ ያ ጽሑፍ አልተናወጠም። ዛሬ ስሜን ላይ አንድ ተክል ጠፋ ወይስ አለ ለማለት የሚፈልግ ሊቅ ሁሉ፣ በ1838 ቧሂት ላይ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። እሱም ይመልስለታል።

በዕድራችንም ውስጥ መዋጮ የሚጽፍ፣ ያልመጣውን የሚቆጥር፣ የሞተውን ቀንና ስም በትክክል የሚያስገባ ሰው ምስጋናው ትንሽ ነው። ሥራውን ግን ማንም ይሁን ማን በኋላ ይፈልገዋል። ልጆቻችሁ ስሜንን፣ መንዝን ወይም ባሌን ለማየት ዕድል ቢያገኙ፣ አበባ ሲያዩ እንዳይነቅሉ ምከሯቸው፤ የአገሬውን ሰው ግን ስሙን ይጠይቁና ከቦታውና ከቀኑ ጋር ይጻፉት። ሽማግሌዎቹ የሚያውቋቸው ብዙ ስሞች ገና በማንም መዝገብ አልገቡም። እኛም ከመካከላችን የሚሄዱትን እየሸኘን ስማችን ከመዝገቡ እስኪሰረዝ ድረስ፣ በየእጃችን ያለውን ጽፈን እናስቀምጥ።